ባሕሩን እያየ የቆመ ሐዲድ፦ የኢዮጴ ባቡር ጣቢያ እንዴት ተዘጋ?

ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ ሲነሣ ወርዶ መርከብ የተሳፈረባት ከተማ ኢዮጴ ናት። ቅዱስ ጴጥሮስም በባሕር አጠገብ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት የተቀመጠው በዚያችው ከተማ ነው። ዓረቦቹ ያፋ፣ አይሁዶቹ ያፎ ይሏታል፤ ዛሬ ከቴል አቪቭ ጋር በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ናት። ከአሮጌዋ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ፣ በ1892 የተከፈተ የባቡር ጣቢያ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፍልስጥኤም ምድር የመጀመሪያው የባቡር መስመር የተነሣው ከዚህ ነው። ጣቢያው በ1948 ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ የተነሣ ባቡር የለም።

ለምን ተዘጋ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ጦርነት። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በዚያው ጦርነት የተቋረጡ ሌሎች መስመሮች ነበሩ፤ ከዓመት በኋላ ተጠግነው እንደገና ሠርተዋል። ከያፋ ተነሥቶ ኢየሩሳሌም የሚደርሰው መስመር ራሱ በ1949 እንደገና ሥራ ጀምሯል፤ የቀረው የያፋው ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት፣ ባለቤቱ ሁሉ ሲቀየር ይህን ጣቢያ መልሶ ለመክፈት የፈለገ ሰው ለምን ጠፋ የሚለው ነው።

ፈቃዱና ገንዘቡ

ነገሩ የሚጀምረው ገንዘብ ከሌለው ሰው ነው። ዮሴፍ ናቮን የኢየሩሳሌም ተወላጅ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር። ኢስታንቡል ከርሞ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1888 ከኦቶማን መንግሥት ለ71 ዓመት የሚጸና የባቡር ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ መስመሩን ወደ ጋዛና ወደ ናብሉስ የማራዘም መብት ጭምር ነበረው። ወረቀቱ በእጁ ነው፤ ሐዲድ የሚያነጥፍበት ገንዘብ ግን የለም። አውሮፓ ዞሮ ባለ ሀብት ቢፈልግም የሚበቃውን ያህል አላገኘም፤ በመጨረሻም በ1889 ፈቃዱን በ1 ሚሊዮን ፍራንክ ለፈረንሳዊው ለበርናር ካሚይ ኮላ ሸጠው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራው መጋቢት 31 ቀን 1890 ከያፋ ወጣ ብላ ባለችው በያዙር ተጀመረ።

ሐዲዱ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ይህ ቁጥር ለእኛ ትርጉም አለው፤ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡበት የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመርም ስፋቱ ያው አንድ ሜትር፣ የሠራውም የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ላይ ለመጠማዘዝ ይመቻል፣ ወጪውም ይቀንሳል፤ ኪሱ የሳሳ ኩባንያ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ደጋ ልውጣ ሲል የሚመርጠው ይኼንኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከመመሳሰሉ ይልቅ ያስተምራል። የጅቡቲው ባቡር ከወደብ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ከተማዋ ራሷ በወደቡና በሐዲዱ ነው የቆመችው። የያፋው ባቡር ግን ወደብ የሌላት የወደብ ከተማ ናት የገጠመችው።

ወደብ የሌላት የወደብ ከተማ

ያፋ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኢየሩሳሌም የባሕር በር ተብላ ኖራለች። ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሊባኖስ እንጨት በባሕር እየተንሳፈፈ የወረደው ወደ ኢዮጴ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን የእንፋሎት መርከብ የሚጠጋበት ጥልቅ ወደብ አልነበራትም። ከፊቷ የድንጋይ ጥርስ አለ። ትልቁ መርከብ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥላል፤ የያፋ ጀልበኞች እየቀዘፉ ይመጣሉ፤ ሰውም ዕቃም በማዕበል መካከል ከመርከቡ ወደ ጀልባው ይወርዳል፣ አንዳንዴም እንደ ጆንያ ይወረወራል። ባሕሩ ከተቆጣ መርከቡ ተሳፋሪውን ይዞ ወደ ሌላ ወደብ ያልፋል። ያፋን በሩቅ አይቶ ቤሩት የወረደ ተሳላሚ ጥቂት አይደለም።

ባቡር ጣቢያው የተሠራው ደግሞ ከጀልባው ማራገፊያ አጠገብ አይደለም። አሮጌዋ ያፋ ኮረብታ ላይ የተቆለለች፣ ጠባብ ጎዳና ያላት ከተማ ናት። ባቡር ሜዳ ይፈልጋል፤ ሎኮሞቲቭ የሚዞርበት፣ ፉርጎ የሚደረደርበት፣ የውኃ ማማና ጋራዥ የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋል። ያ የተገኘው ከከተማዋ ውጭ፣ መንሺያ በምትባለው አዲስ የዳርቻ ሰፈርና በ1887 በተቆረቆረችው የአይሁዶች ሰፈር በነቬ ጼዴቅ መካከል ነው። ስለዚህ አንድ ሣጥን ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ተሸካሚ ጫንቃ ወይም ወደ ግመል ጀርባ፣ ከዚያም በገበያው መካከል አልፎ ወደ ፉርጎ ይጫናል። አንድ ጊዜ ግመል ላይ የወጣ ዕቃ፣ ግመሉ ኢየሩሳሌም ድረስ ቢወስደውስ? ብዙ ነጋዴ ይህን አስቦ እንደ ጥንቱ በግመል መላኩን ቀጠለ።

ያፋን በዓለም ያስጠራት ብርቱካንም ለባቡሩ እምብዛም አልጠቀመውም። የብርቱካን እርሻው ያለው ከተማዋን ከብቦ ነው፤ ፍሬው ከእርሻው ተነሥቶ ወደ ጀልባው ለመድረስ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሐዲድ አያስፈልገውም። በእኔ ግምት ኩባንያው ከሁሉ በላይ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የከተማዋን ሀብት አይቶ የባቡሩ ሀብት መስሎት ነበር።

መስመሩ መስከረም 26 ቀን 1892 በይፋ ተመረቀ። ርዝመቱ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሎኮሞቲቮቹ ከአሜሪካ፣ ከፊላደልፊያው የቦልድዊን ፋብሪካ የመጡ ነበሩ። ከያፋ የተነሣው ባቡር ልዳን፣ ራምላን፣ ሴጄድን፣ ዴር አባንንና ባቲርን አልፎ ኢየሩሳሌም ይገባል። ልዳ ስትባል የኛ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው ሰማዕቱን ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው፤ መቃብሩ ያለባት ከተማ እርሷ ናትና። ከሜዳው በኋላ ሐዲዱ ደሊላ በኖረችበት በሶሬቅ ሸለቆ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው ይወጣል። ጉዞው ባመቸ ቀን አራት ሰዓት ገደማ፣ ባልመቸ ቀን ስድስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ከእያንዳንዱ ጫፍ የሚነሣው አንድ ባቡር ብቻ ነው።

የተሳፋሪው ስሜት ምን ይመስል እንደነበር ከአንድ የታወቀ መንገደኛ የዕለት ማስታወሻ መገመት ይቻላል። የጽዮናዊነት ንቅናቄ መሥራች ቴዎዶር ሄርጽል በ1898 መጸው ከዚሁ ጣቢያ ተሳፍሮ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ባቡሩ ከያፋ ለመንቀሳቀስ ብቻ አንድ ሰዓት እንደዘገየ፣ በተጨናነቀው ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀትም ስቃይ እንደሆነበት ጽፏል።

ገንዘቡን ያመጡት ተሳላሚዎች ናቸው፤ በተለይ ለፋሲካና ለልደት የሚጎርፉት። ተሳላሚ ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ መጥቶ ይሞላል፣ ሄዶ ይደርቃል። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገቢው ወጪው እየበለጠ ተቸገረ፤ ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወዲህ ግን መንገደኛውም ጭነቱም እየጨመረ ትርፍ ማየት ጀመረ። በዚህ ዘመን የእኛ ሰዎች በኢየሩሳሌም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ሕንፃ እየፈጸሙ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ ያስጀመሩት ሥራ ያለቀው በ1893፣ ባቡሩ በገባ በዓመቱ ነው።

ጣቢያው የወለደው ሰፈር

በንግዱ ቢደክምም ጣቢያው ከተማ በመሥራት አልደከመም። በዙሪያው ቤት ተቀለሰ፣ ሱቅ ተከፈተ። ሁጎ ቪላንድ የሚባል ወደ ቅድስት ምድር የፈለሱ የጀርመን ፕሮቴስታንቶች የመሠረቱት የቴምፕለር ማኅበር አባል ከጣቢያው አጥር ሥር ቤቱንና የሲሚንቶ ንጣፍና ቱቦ የሚያመርት ፋብሪካውን ሠራ። አቀማመጡ በአጋጣሚ አይደለም፤ ፉርጎው በደጁ ነው። መንሺያ ወደ ባሕሩና ወደ ሰሜን እየሰፋች ሄደች፤ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም ይኖርባት ነበር። በ1909 አሐዛት ባይት የተባለው ሰፈር ሲመሠረት፣ በኋላ ቴል አቪቭ የተባለው እርሱ ነው፣ ዋናው ጎዳናው የሄርጽል መንገድ የተነሣው ከባቡር ሐዲዱ ዳር ነው። ነቬ ጼዴቅ ውስጥ ሐዲዱ በተቆፈረ ጉድባ ውስጥ ያልፋል፤ በላዩ የተጣለው የሽሉሽ ድልድይ ዛሬም አለ።

ትልቋን ቴል አቪቭን በጡት አሳድጎ በኋላ በልጁ የተረሳው ይኼ ትንሽ ጣቢያ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሐዲዱ የተነቀለበት፣ መንገዱም የተቀየረበት ጊዜ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኦቶማኖች ከፈረንሳይ ጋር ጠላት ሆኑ፤ ባቡሩም የጠላት ንብረት ተብሎ በጦሩ እጅ ገባ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በባሕሩ ላይ ሲመላለሱ ዳር ላይ ያለ ጣቢያ ምቹ ዒላማ ነው። ማሽኑ ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰደ፤ ከያፋ እስከ ልዳ ያለው ሐዲድ ተነቅሎ ለወታደራዊ መስመር ዋለ። ልብ በሉ፤ ሲቸግር መጀመሪያ የተነቀለው የያፋው ጫፍ ነው። የኢየሩሳሌሙ ወገን ከሌላው የኦቶማን ሐዲድ ጋር ተገናኝቶ ሥራውን ቀጠለ።

እንግሊዞች ያፋን በኅዳር 1917 ያዙ። በመጀመሪያ ለጊዜው ብለው ከያፋ እስከ ልዳ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ መጫወቻ የሚመስል ሐዲድ ዘረጉ። በ1918 ከልዳ እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን፣ በ1920 ደግሞ የያፋውን ጫፍ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ወዳለው መደበኛ ሐዲድ ቀየሩት፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር ኸርበርት ሳሙኤል በተገኘበት ተመረቀ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የያፋ ጣቢያ ትንሣኤ ይመስላል። እኔ ግን ሞቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱን ለማየት ካርታውን ማሰብ ይበቃል። እንግሊዞች ለጦርነቱ ሲሉ ከስዌዝ ቦይ ዳር፣ ከቃንጣራ፣ ተነሥቶ በሲና በረሃና በጋዛ አድርጎ ወደ ሰሜን እስከ ሃይፋ የሚደርስ ዋና መስመር ሠሩ። ይህ መስመር ያፋ አልገባም። በምሥራቋ በኩል፣ በልዳ አለፈ። በአንድ ጊዜ ልዳ መገናኛ ሆነች፤ ከካይሮ የመጣው፣ ወደ ሃይፋ የሚሄደው፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ሁሉ እዚያ ይተላለፋል። ያፋ ደግሞ ከመነሻነት ወርዳ የቅርንጫፍ ጅራት ሆነች። በ1892 የያፋ ጣቢያ የመስመሩ ራስ ነበር፤ ካርታው ሲሰፋ አንድም ድንጋይ ሳይነቀልበት ጅራት ሆኖ ተገኘ። ከያፋ ሃይፋ ለመሄድ መጀመሪያ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ ልዳ መግባት፣ ከዚያ መዞር ነው። አውቶቡሱና የጭነት መኪናው በቀጥታው መንገድ ሲመጡ መንገደኛው ወደዚያ ሄደ፤ ማን ይፈርድበታል?

ሁለተኛው ምት ከሰሜን መጣ። እንግሊዞች ጥልቅ ወደብ ሊሠሩ ሲነሡ የመረጡት ያፋን አይደለም፣ ሃይፋን ነው። በ1933 የተከፈተው የሃይፋ ወደብ ባቡሩን ከመርከቡ ጎን አቆመው። ከ40 ዓመት በፊት ለያፋ የጎደላት ይኸው ነበር።

ሦስተኛው በሚያዝያ 1936 ደረሰ። የዓረቦቹ አመፅና ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ያፋ ላይ ተነሣ፣ ወደቧም ተዘጋ፤ በምላሹ ቴል አቪቭ በግንቦት የራሷን የመርከብ ማራገፊያ ሠራች። በእነዚያው ሳምንታት የአገራችን ታሪክ በዚያ ምድር አለፈ። ከማይጨው በኋላ በጅቡቲ በኩል የተሰደዱት አፄ ኃይለ ሥላሴ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ግንቦት 8 ቀን 1936 የወረዱት ሃይፋ ነው፤ ከዚያ በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ከ30 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ንጉሥም ሆነ መነኩሴ ወደ ኢየሩሳሌም የሚገባው በያፋ በኩል ነበር። በ1936 ግን የኢዮጴ በር ተረስቷል፤ ስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ሳይቀሩ በሌላ በር ገቡ።

1948

በተባበሩት መንግሥታት የክፍፍል ዕቅድ ያፋ በአይሁድ ግዛት የተከበበች የዓረብ ደሴት ሆና ነበር የተሠመረችው። ጣቢያው የቆመው ደግሞ ሁለቱ ከተሞች በሚነካኩበት ስፌት ላይ ነው፤ በአንድ ወገን መንሺያ፣ በሌላው ነቬ ጼዴቅ። ሚያዝያ 25 ቀን 1948 ኢርጉን የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ድርጅት መንሺያን ማጥቃት ጀመረ፤ ከጥቂት ቀን ከባድ ውጊያ በኋላ ሰፈሯ ወደቀች። ያፋ ራሷ ግንቦት 13 ቀን እጅዋን ሰጠች። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠረው የዓረብ ነዋሪዋ አብዛኛው በባሕርና በየብስ ሸሽቷል፤ የቀሩት 4,000 ገደማ ነበሩ።

ጣቢያውን መልሶ የሚከፍት ሰው ያልተገኘበት ምክንያት አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ተሳፋሪዎቹ የሉም፤ መንሺያ ፍርስራሽ ናት። ቴል አቪቭ በመስመሩ ላይ ከልዳ ወገን የራሷ ጣቢያ አላት፤ ባቡሩ እዚያ ቢቆም የሚከፋ አልነበረም። ትልቁ መርከብ ሃይፋ ነው የሚቆመው፤ በ1965 አሽዶድ ሲከፈት ደግሞ የያፋ ወደብ የጭነት ሥራው ጨርሶ ቀረ። አንድ ጣቢያ ከፊቱ ሰው፣ ከኋላው ወደብ ካጣ በኋላ ሐዲዱ ቢኖርስ ምን ሊያመላልስ ነው?

ቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ባዶ ናቸው። ግቢው ለረጅም ጊዜ በጦሩ እጅ ቆየ፣ ሣር በሐዲዱ ላይ በቀለ። መንሺያ ቀስ በቀስ ተደመሰሰች፤ ፍርስራሽዋ ወደ ባሕሩ ተገፍቶ በላዩ የቻርልስ ክሎር መናፈሻ ተሠራ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሥጋ እየጠበሰ የሚዝናናበት ሣር ከሥሩ የቤት ግድግዳ ነው። ቆመው ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ የሐሰን ቤክ መስጊድ ነው። ይህን የምጽፈው ከጣቢያው ጉዳይ ወጥቼ አይደለም፤ እድሳቱ ሲነገር ሰፈሩ ሳይነሣ ስለሚቀር ነው።

ከባቡር ወደ ቡና ቤት

በ2000ዎቹ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢውን አሳደሰው፤ በ2010 «ሃታሃና» ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ትርጉሙ «ጣቢያው» ማለት ነው። ከ20 በላይ የሆኑ ሕንፃዎች አሉ፤ የተሳፋሪ ሕንፃው፣ የጭነት መጋዘኑ፣ የቪላንድ ቤትና ፋብሪካ። ድንጋዩ ተጠርጓል፣ ጣራው ተተክቷል፤ ውስጡ ቡና ቤት፣ ምግብ ቤትና የልብስ ሱቅ ገብቶበታል። በአጭር ሐዲድ ላይ የታደሰ አሮጌ ፉርጎ ቆሟል፤ ልጆች ይወጡበታል።

እድሳቱን የሚነቅፉ አሉ፤ ታሪኩ ለሱቅ ማስዋቢያ ሆነ ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልጨክንበትም። የአዲስ አበባን ለገሃር የሚያውቅ ሰው ባቡር የቀረበትን ጣቢያ ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ቢያንስ ሕንፃው ቆሟል። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ገብቶ ቡና የጠጣ ሰው ጣቢያው በ1892 እንደተከፈተ ይዞ ይወጣል፤ ከጎኑ የነበረችው የመንሺያ ነገር ግን እንደ ጣቢያው ጎልቶ አይነገረውም።

ሐዲድ ወደ አካባቢው የተመለሰው ነሐሴ 18 ቀን 2023 ነው። በዚያ ቀን የተከፈተው የቴል አቪቭ ቀላል ባቡር ቀይ መስመር ከመሬት ሥር መጥቶ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ፣ ኤሊፌሌት ላይ፣ ብቅ ይልና በያፋ መካከል በኢየሩሳሌም ጎዳና አድርጎ ወደ ባት ያም ያልፋል። የፈጣኑ ባቡር ተሳፋሪ ደግሞ ከቴል አቪቭ ኢየሩሳሌም በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ በያፋም በልዳም ሳያልፍ። ቀይ መስመር ወደ ወደቡ አይወርድም። ዮናስ ወደ ወረደበት ዳርቻ የሚሄድ ሰው ከኢየሩሳሌም ጎዳና ላይ ወርዶ፣ በሰዓት ማማው በኩል፣ የቀረውን በእግሩ ነው የሚጨርሰው።